አንድ ግሥ ለሮሴንዳ

ሐምሌ ነው። ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋሱ ባርኔጣ ይቀማል፤
ከፖስታ ቤቱ ጎን የእኔ ጠረጴዛ ከነመብራቱ ይቆማል።
አንድ ማኅተም፣ ሁለት መዝገበ ቃላት፣ እግሩ የላላ ወንበር፤
በእንግሊዝኛ የመጣውን ሁሉ ወደ ስፓኒሽ ማሻገር
ነው ሥራዬ፤ ሒሳቤ በገጽ ነው፤
«ኤዱቪሂስ ባሪየንቶስ» ይላል በሩ ላይ፣ ቀለሙ የለቀቀው።

ሮሴንዳ መጣች ዛሬ፣ ከቺሎኤ ደሴት የፈለሰች፣
በክር የተሰካ፣ በጭስ የደረቀ የዛጎል ሥጋ አስቀመጠች።
«ክፍያዬ ይኼ ነው» አለች፤ ከሹራቧ ሥር ደብዳቤ አወጣች፤
በረዶ የነካው፣ ቀለሙ የፈሰሰ፣ አራት ታጥፎ የሻከረ፤
ከኪልጎር ነው፣ ከበግ እርሻው አለቃ፤ ስለ ልጇ ነበረ።

ኖልቤርቶ አጥር ጠጋኝ ነው፤ ክንዱ ብርቱ፣ አፉ ፈጣን፤
በመጋቢት ስለ ደመወዝ ከኪልጎር ጋር መጋጨቱን ሰምተን
ነበር፤ ወሬ እዚህ ከነፋስ ይቀድማል።
ኪልጎርም ጠመንጃ አለው። ያንንም ሁሉ ሰው ያውቃል።

ከውሃው የተረፈው ይኼ ብቻ ነው፦
ማክሰኞ ሌሊት ወጣ፤ እስከ ድልድዩ ሄድኩ፤ ከዚያ «ሚስድ ሂም»።
ሌላው ሰማያዊ ጭጋግ። ሌላው የለም።

«ሚስ»፤ ትንሽዬ ቃል፣ አፍ ውስጥ እንደ ከረሜላ የምትሟሟ፣
በስፓኒሽ ግን አራት በር አላት፤ የትኛውን ላንኳኳ?

ኤስትራኛር ብል፣ ናፈቀኝ ነው፤ ኪልጎር ያለቀሰ ይመስላል፤
በሃያ ዓመት አንዴ ያልሣቀ ሰው፣ ናፈቀ ቢባል ማን ያምናል?
ፋያር ብል፣ ሳትኩት ነው፤ ከዚያ ቃል ውስጥ ጥይት ይወጣል፤
እናትየው የተቀመጠችበት ክፍል ባሩድ ባሩድ ይሸታል።
ፔርዴር ብል፣ አጣሁት ነው፤ ያ ደግሞ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤
ገና ሬሳ ሳይታይ ሮሴንዳን ጥቁር ያስለብሳል።
አራተኛው አልካንሳር ነው፣ ከነአሉታው፤ አልደረስኩበትም፤
ለዘብ ያለ ነው፤ ማንንም አይገድልም፣ ማንንም አያድንም።

እንግሊዝኛው ቃል ምን ቸገረው፣ አራቱን ባንድ ካፖርት ደብቆ የሚሄደው፤
ኪስ በርባሪዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ጣቴ የሚበርደው።

ባለፈው ዓመት የአንድ መርከበኛን «ሊቭ» በአባንዶናር ተርጉሜ፣
«ተነሥቻለሁ» ያለውን «ትቼሻለሁ» አልኩት፣ እንቅልፍ ተጫጭኖኝ፣ ደክሜ።
ሚስቱ አልጋውን ሸጠች። ሲመለስ ወለል ላይ ተኛ፤
ዛሬም ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ከዚያ ወዲህ ነኝ ዳተኛ።

«ምን ይላል?» አለች።

ፖስታውን ሳራግፈው የታጠፈ ፔሶ ወደቀ፤
የመጋቢቱ ደመወዝ፣ ሳንቲም ሳይጎድል፣ በክር የታነቀ።
ሊከፍለው ኖሯል የተከተለው? ወይስ ዕዳው ሌላ ነው የሚከፍለው?
ብር አይናገርም፤ እሱም እንደ ቃሉ ፊቱ አራት ነው።

«ምን ይላል፣ ኤዱቪሂስ?»

ጻፍኩ። አራተኛውን።
«እስከ ድልድዩ ሄድኩ፤ አልደረስኩበትም» ብዬ አነበብኩላት፤
የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሣቅ አመለጣት።
«እሱን ማን ደርሶበት ያውቃል?» አለች፤
«ሲወለድ እንኳ፣ አዋላጇ ገና ጀልባ ላይ ሳለች፣
ብቻዬን፣ የዓሣ መረብ ላይ፣ ቀድሟት ወጣ፤
በሩን ስትከፍት ያገኘችው ጡቴን ይዞ ሲጠጣ።»

ገንዘቡን ሳትቆጥር በመሐረብ ቋጠረች፤
«እንግዲህ ከድንበር ማዶ ነው» ብላ ለራሷ ነገረች።
እኔ አላልኩም። ግሡ ነው ያለው።
ነፋሱ በሩን ከእጇ ነጠቀው።

ማታ ዛጎሉን በላሁ። ጨው በዝቶበታል።
መዝገቤ ላይ «ሮሴንዳ፣ አንድ ገጽ፣ ተከፍሏል» ይላል።
ከሥሩ በእርሳስ ሦስት ግሥ አለ። ላጲሱን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ፤
ኖልቤርቶ ድንገት ቢመጣ፣ የቱ እንደ ነበር እጠይቀዋለሁ አልኩ።